ሁለታችን ብቻ የምናውቀው

ጉግሳ መጠራጠርን የተማረው በወጣትነቱ ነው፤ እስኪያረጅም አልረሳውም። ተማሪ የተባለ ሁሉ በሚታደንበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ በመተማ በኩል ወጥቶ ሱዳን የገባው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት እየደገመ ነበር። ካርቱም ገብቶ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ፀጉሩ ጥጥ ከመሰለ በኋላ እንኳ ሻይ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ያሳድዱት የነበሩት ሰዎች አርጅተው ሞተዋል። ይህን ግን ማን ይንገረው?

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፎቅ ሥር፣ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ይተይባል፣ ያትማል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ጥንቃቄውን ላየ ሰው ሱቋ የባንክ ካዝና ያለባት ትመስላለች። የኮምፒውተሩን ካሜራ በፕላስተር ደፍኖታል። የይለፍ ቃሉን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይረው አንዳንዴ ራሱም ይጠፋበታል። የሰው ፍላሽማ በጭራሽ አያሰካም፤ የሚታተም ነገር ያለው በኢሜይል ይላክ። «ፍላሽህም ለራስህ፣ በሽታውም ለራስህ» ይላል። በስልክ ቁም ነገር የጀመረለት ሰው ካለ ደግሞ «በል ደህና ዋል» ብሎ ጆሮው ላይ ይዘጋበታል።

በዚህ ሁሉ የሚስቅበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ተስፋጽዮን። ድንበሩን ያቋረጡት አብረው ነው። ጉግሳ መንገድ ላይ ወባ ሲጥለው ተስፋጽዮን አዝሎ ነው ገዳሪፍ ያደረሰው። በአገሩ የፊዚክስ አስተማሪ የነበረው ተስፋጽዮን ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ወርክሾፕ ብረት ሲበይድ አረጀ። አላገባም፣ አልወለደም። «ጉግሳን እኮ አዝዬው ስለመጣሁ ነው ወገቤ የማይድነው፤ ሚስት ልጨምርበት?» እያለ ይቀልዳል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በስተርጅና አንድ ሥራ ይዘው ነበር። ከወሎ የሚመጡ ሴቶች ካርቱም ውስጥ በየሰው ቤት ይሠራሉ። ያመጣቸው አገናኝ ቢሮ፣ እነሱ «መክተብ» የሚሉት፣ ፓስፖርታቸውን ይይዝባቸዋል። ከእነዚህ መክተቦች አንዱ ክፉ ነበር፤ አንዷን ልጅ አሠሪዋ ቢደበድባት፣ ደሞዟን ቢከለክላት፣ ከዚያም የባሰ ቢያደርጋት «ውሉን ጨርሺ» ብሎ መልሶ የሚወስዳት። ከዚያ ያመለጠች ልጅ ስትመጣ ተስፋጽዮን መደበቂያ ቤት ይፈልግላታል። ጉግሳ ደግሞ ገዳሪፍ የምትኖረው ልጁ ዮሳቤጥ ልጅቷን ተቀብላ እስከ ድንበር የምታደርስበትን መንገድ ያመቻቻል። ልጅቷ ያለችበትን ቤት ሁለቱ ብቻ ያውቁታል፤ ከዮሳቤጥ በቀር። ዮሳቤጥን ደግሞ ጉግሳ እንደ ሌላ ሰው ቆጥሯት አያውቅም፤ ልጁ ናት፣ ራሱ ናት።

ለዮሳቤጥ የሚጽፍላት በአማርኛ ነው። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ይንገዳገዳል፤ «አባዬ፣ ወላሂ አልገባኝም፣ በዐረቢ ጻፍልኝ» ትለዋለች። እሱ ግን አሻፈረኝ ይላል። ልጅቱ የተደበቀችበትን ሰፈር፣ የቤቷን በር ቀለም፣ የምትወጣበትን ቀን፣ ሁሉን በአማርኛ አስረዝሞ ይጽፍላታል፤ ላይ ላዩን ለሥራው ነው፣ ውስጥ ውስጡን ልጁ ቋንቋውን እንዳትረሳበት ነው። በኢሜይል ከላከው በኋላ ደብዳቤውን ከኮምፒውተሩ ያጠፋዋል። ይሄኔ ልቡ ያርፋል።

የኪቦርዱ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ሚልዮን የሚባል ጎልማሳ ደንበኛ ነበረው። አንገቱን ሰበር አድርጎ በሁለት እጁ የሚጨብጥ፣ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበር የሚነሳ፣ «እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል» የሚያሰኝ ሰው። የጉግሳን አሮጌ ኪቦርድ አየ፤ የካርቱም አሸዋና የጉግሳ ጣት ፊደሎቹን ልጠው ጨርሰዋቸዋል። አንድ ጠዋት አዲስ ኪቦርድ በብብቱ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ፣ ከእንግሊዝኛው አጠገብ፣ የአማርኛ ፊደል ታትሞበታል።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ነው። እኔ ምን እሠራበታለሁ? እርስዎ ይጻፉበት።»

ጉግሳ ኪቦርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ካርቱም ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ሲኖር በአማርኛ ፊደል የተሠራ ዕቃ በእጁ ገብቶ አያውቅም። «ሀ»ን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ፍላሽ አላሰካም የሚለው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በስጦታ የመጣን ዕቃ ደግሞ ሰጪው ፊት አገላብጦ መመርመር ነውር ነው፤ ከጨዋ ቤት የወጣ ሰው አያደርገውም። ሊሰካው ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ሊል ሲል ሚልዮን ክንዱን ያዘው።

«ኧረ ጋሼ! እኔ ቆሜ እርስዎ ይጎንበሳሉ? ነውር ነው!»

ሚልዮን ራሱ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ጉግሳ ቁልቁል የሚያየው የሰውዬውን ጀርባ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አቧራውን እያራገፈ ወጣ። ጉግሳም «እደግ፣ ተመንደግ፣ ከክፉ ይሰውርህ» ብሎ መረቀው። አፉ ቢቆረጥ ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ከተደበቁት ልጆች አንዷ ተያዘች። አጋጣሚ ነው ተባለ፤ ጎረቤት አይቶ ይሆናል ተባለ። ቀጥላ የመጣችው ሬሕማ ነበረች። ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ ያለባት፣ ስትናገር አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ናት። ተስፋጽዮን ባሕሪ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ፋጤ የምትባል የወሎ ሴት ቤት ወስዶ አስቀመጣት። ጉግሳም ለዮሳቤጥ ጻፈላት።

ልጅቷ ልትወጣ በተባለበት ዋዜማ ፋጤ ወደ ሱቁ መጣች። የዚያን ቀን በከተማው በተነሳ ሰልፍ ምክንያት ከባሕሪ የሚያሻግረው ድልድይ ለመኪና ተዘግቶ ስለነበር በእግሯ ተሻግራ፣ እግሯ አብጦ ነው የደረሰችው። ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

«ጋሼ ጉግሳ፣ ወሰዷት» አለች፤ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም። «በመኪና መጡ። ጎረቤት አልጠየቁም፣ ሰው አልጠየቁም። ቀጥ ብለው አረንጓዴው በር ነው ብለው ገቡ። ሬሕማ እግሬ ሥር ተጠመጠመች። እንዴት አድርጌ ልያዛት? ሦስት ወንድ ናቸው። ማን ነገራቸው ጋሼ? ወላሂ ከእኔ ቤት አልወጣም።»

ፋጤን አልጠረጠራትም፤ የፊተኛዋ ልጅ የተያዘችው በሌላ ቤት ነበርና። ሱቁን ዘግቶ ብቻውን ተቀመጠና በወጣትነቱ በተማረው መንገድ ማስላት ጀመረ። ምስጢር ከወጣ አፍ አለ። ሁለቱንም ቤት ማን ያውቃል? እኔና ተስፋጽዮን። እኔ አልተናገርኩም። እንግዲህ።

እነዚያ ሰዎች፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ማለቴ ነው፣ ምስጢር በሰው አፍ እንጂ በሌላ በምንም የሚወጣ አይመስላቸውም። በሰው ተሸጠዋል፣ ወንድማቸው በወንድሙ ተጠቁሟል። ስለዚህ ነገር ሲበላሽባቸው መጀመሪያ የሚፈልጉት ሰው ነው። ደግሞም አንድ ክፉ ደንብ ነበራቸው። የተጠረጠረ ጓድ አይጠየቅም፣ አይከሰስም። ከጠየቅከው ያውቅብሃል፣ አውቆም ያስበላሃል። ዝም ብለህ ትለየዋለህ፤ ደጁን አትረግጥም፣ ሰላምታውን አትመልስም። ዘመኑ አልፎ፣ በኅቡዕ ያሉበት ድርጅት ፈርሶ፣ ደንቡ ግን ጉግሳ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ተስፋጽዮን ዳቦና ፉል ይዞ መጣ፤ ስለ ሬሕማ ሰምቶ ፊቱ አመድ መስሏል። ጉግሳ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ዝግ ነው» አለው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተስፋጽዮን ደፉ ላይ ቆመ፤ ጉግሳን አየው፣ በእጁ የያዘውን ፉል አየ። ደንቡን እሱም ያውቀዋል፤ አብረው ነው የተማሩት። ገባው። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ፉሉን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

«ንጹሕ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር» አለ ጉግሳ በልቡ። ዝምታውን እንደ ምስክር ቆጠረበት። ወሬው በአበሻው መሐል ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጉግሳ ስሙን አልጠራም፤ ግን «ተስፋጽዮንስ?» ሲሉት ዝም ይላል፣ የጉግሳ ዝምታ ደግሞ ከመሐላ ይበልጥ ይታመናል። ተስፋጽዮን ለቅሶ ቤት ሲገባ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ተነስቶ ቦታ የሚለውጥበት ሆነ። ፋጤ ብቻ «ጋሼ ተስፋጽዮን እንዲህ አያደርግም፣ አላህ ያያል» እያለች ተከራከረች። ማን ይሰማታል? ተስፋጽዮን ባሕሪን ለቆ ሶባ ዳር፣ የሚያውቀው በሌለበት ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራየ። ሬሕማም ወዴት እንደተወሰደች ሳይታወቅ ድምጿ ጠፋ።

ጊዜው እንዲህ አለፈ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሥራውን ተዉት። ሚልዮንም ሱቁ አካባቢ አልታይ አለ፤ ጉግሳ «ያ ጨዋ ልጅ ወዴት ሄደ?» እያለ ሌላ ደንበኛ ይጠይቅ ነበር። ፋጤ አልፎ አልፎ ብቅ ስትል የተስፋጽዮንን ወሬ ታመጣለች። ኩላሊቱ ታሟል፣ ከአልጋ አይወርድም፣ እሷ እየሄደች ሾርባ ትሰጠዋለች። «ይሂዱና ይዩት ጋሼ፣ ሰው እኮ ነው።» ጉግሳ ፊቱን ወደ ፕሪንተሩ ያዞራል።

አንድ ቀን ሐቦብ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ተነሳ። ቀይ አሸዋ ከተማውን አልብሶ፣ በር ቢዘጋ በስንጥቁ ገብቶ፣ የሱቁን ዕቃ ሁሉ አፈር አደረገው። በማግስቱ ጉግሳ ኮምፒውተሩን ሊያጸዳ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ከስንት ጊዜ በኋላ መግባቱ ነው። በብሩሽ እየጠረገ የኪቦርዱን ገመድ ተከትሎ ሄደ። ገመዱ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ አልተሰካም። በመሐል የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ጥቁር ነገር አለች፤ አንድ ጫፏ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል፣ የኪቦርዱ ገመድ በሌላው ጫፏ ገብቷል። ነቀላት። ምንም አልተጻፈባትም።

ሱቅ አል-ዐረቢ በሚባለው ገበያ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ሂሻም ይዟት ሄደ። ሂሻም ትንሽ አገላበጣትና ቅንድቡን አነሳ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይህን ማን ሰካልህ?»

«ምንድን ነው?»

«በኪቦርዱ የምትመታውን ሁሉ የምትይዝ ናት። እያንዳንዷን ቁልፍ። አንተ ጽሑፉን ብታጠፋውም እሷ ጋ ይቀራል፤ የይለፍ ቃልህን ብትቀይርም ስትቀይረው ታየዋለች። የቫይረስ መከላከያ አያገኛትም፣ ኮምፒውተሩ ስለማያውቃት። ይቺኛዋ ደግሞ ዋይፋይ አላት። ባለቤቷ መንገድ ማዶ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ በስልኩ ያነባታል።»

ጉግሳ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ሻይ የምታፈላውን ሴት አስታወሰ። ሚልዮን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ በመስኮት ስንቴ አይቶታል! እጁን ያነሳለታል፤ ሚልዮንም ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ እጅ ይነሳዋል። ለመክተቡ እንደሚሠራ አሁን ማንም ሳይነግረው ገባው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«አሞሃል እንዴ ያ ኡስታዝ? ተቀመጥ፣ ውሃ ላምጣልህ» አለው ሂሻም።

አልተቀመጠም። ዕቃዋን በመሐረቡ ጠቅልሎ ወደ ሶባ የሚሄድ ሐፍላ ፍለጋ ወጣ። ሚኒባሱ በየመንገዱ ሰው ሲያወርድና ሲጭን፣ ረዳቱ ጣሪያውን እየመታ «ያላ ያላ!» ሲል፣ ጉግሳ በመስኮቱ በኩል ምንም አይታየውም። ተስፋጽዮን ደፉ ላይ እንደቆመ፣ ፉሉን እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ እንደዘጋ ብቻ ይታየዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ዝምታ የበደለኛ ዝምታ ሳይሆን ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል አሰበ። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ቀድሞ ሞቶ እንዳይጠብቀው ፈራ፤ ያን ያህል ፈርቶ አያውቅም።

በሩን የከፈተችለት ፋጤ ናት። አየችው፣ መሐረቡን አየች፤ ገለል አለችለት።

ተስፋጽዮን አንገረብ በሚሉት በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ጋደም ብሏል። ያ ጉግሳን ያህል ሰው አዝሎ ድንበር የተሻገረው ትከሻ አጥንት ብቻ ሆኗል። ጉግሳ ሰላምታ እንኳ ማቅረብ አልቻለም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ መሐረቡን ፈትቶ፣ እንደመጣለት ነገረው። ኪቦርዱን፣ ሚልዮንን፣ ከጠረጴዛው ሥር የገባውን፣ ለዮሳቤጥ የጻፈውን ሁሉ፣ ሂሻም ያለውን።

«ያስበላኋት እኔ ነኝ» አለ። «ሬሕማን በገዛ ጣቴ ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አንተን ደግሞ…»

ተስፋጽዮን ዕቃዋን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አቀረባት። ብዙ አገላብጦ አያት።

«ለካ አንተ አልነበርክም» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«እኔ እኮ አንተ ነህ ብዬ ነበር።»

ጉግሳ ከተቀመጠበት መሬት ቀና አለ።

«ሁለታችን ብቻ ነበርን የምናውቀው» አለ ተስፋጽዮን፤ ድምፁ ደክሟል፣ ግን አልተቆጣም። «እኔ እንዳልተናገርኩ አውቃለሁ። ታዲያ ማን ቀረ? በዮሳቤጥ አስፈራርተውት ይሆናል አልኩ። ‹ልጅህን እናገኛታለን› ብለውት ይሆናል፤ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? እኔ ልጅ የለኝ፣ በምን አፌ ልፍረድ? በሩ ላይ ‹ዝግ ነው› ስትለኝ፣ ዓይኔን ማየት አፍሮ ነው አልኩ።»

«ሰው ሁሉ ሲሸሽህ ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ‹ጉግሳ ነው› ለምን አላልክም?»

«አንተን እንዲሸሹህ? አንተ ሱቅ አለህ፣ ልጅ አለህ፣ በዚህ ከተማ የሚያውቅህ ሰው አለ። እኔ ለብቻዬ ነኝ። ከሁለታችን አንዳችን መጠላታችን ካልቀረ ለእኔ ይቀላል ብዬ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደግሞ ቆየሁና ይቅር አልኩህ። እዚህ በመጣሁ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ መቼ ይመጣል እያልኩ ነበር።»

ፋጤ ከበሩ አጠገብ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

«ልጅቷስ?» አለ ተስፋጽዮን።

«አልተገኘችም።»

ተስፋጽዮን ዕቃዋን ለጉግሳ መለሰለትና ራሱን ትራሱ ላይ አሳረፈ። ከውጭ አህያ የሚጎትተው የውሃ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል።

«አንተስ ጉግሳ?» አለ ተስፋጽዮን። «ያን ጊዜ፣ እኔ መስዬህ እያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ይቅር ብለኸኛል?»

ጉግሳ መዋሸት ይችል ነበር። ሰውዬው እየሞተ ነው፤ «ብዬሃለሁ» ቢለው ማን ያውቅበታል? ያን ሁሉ ጊዜ በልቡ ያመላለሰውን አሰበ። እርግማኑን፣ ፋጤ ለምና ስትጠይቀው ወደ ፕሪንተሩ የዞረውን ፊቱን፣ ኩላሊቱ መታመሙን ሲሰማ «የእጁን ነው ያገኘው» ያለበትን ቀን።

«አላልኩህም» አለ።

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

ተስፋጽዮን ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለ። ከዚያ እጁን ከአንሶላው አውጥቶ የጉግሳን ትከሻ ፈልጎ አገኘውና፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ ቀስ እያለ መታ መታ ያደርገው ጀመር። «በቃ፣ በቃ» አለው። ጉግሳ በዚያ እጅ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ሚስቱ በሞተች ጊዜ እንኳ ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ።